መኪና የማያስፈልግበት የከተማ ዳርቻ ሰፈር አፈላለግ

«ሥራዬ መሀል ከተማ ነው፤ የመሀል ከተማ ኪራይ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ዳር ወጥቼ፣ መኪና ሳልገዛ፣ ጉዳዬን በእግሬ የምፈጽምበት ሰፈር እንዴት ላግኝ?» ይህ ጥያቄ ቃሉ እየተለዋወጠ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከመመለስ አሠራሩን አንድ ጊዜ በሙሉ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል።

የሚፈልጉት ሰፈር ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማሟላት አለበት። የዘወትር ጉዳይዎ በእግር የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ወደ ትልቁ ከተማ የሚወስድዎት ባቡር ወይም አውቶቡስም እንዲሁ ከደጅዎ በእግር የሚደረስበት መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ውል ይፈርማል። ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የሞላበት፣ ምሽት ላይ ለመንሸራሸር የሚጋብዝ ሰፈር ያገኛል፤ ከገባ በኋላ ግን መድኃኒት ለመግዛት መኪና ያስፈልገዋል። ለሽርሽር የሚመች ሰፈር ሁሉ በእግር ለመኖር ይመቻል ማለት አይደለም።

ሥራው ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ካርታ ላይ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። በስልክም ይቻላል፤ ካርታን በትንሽ መስኮት እያዩ ሰፈር ማወዳደር ግን ዓይንን ያደክማል።
- ጉግል ማፕስና ኦፕንስትሪትማፕ፣ ሁለቱም። የመጀመሪያው የጉዞ ጊዜና የመንገድ ፎቶ ይሰጥዎታል። ሁለተኛውን በጎ ፈቃደኞች ስለሚሠሩት በሌላ ካርታ ላይ የማይገኝ የእግር መንገድ፣ ደረጃና ማቋረጫ ብዙ ጊዜ ይገኝበታል።
- የባቡሩ ወይም የአውቶቡሱ ድርጅት ራሱ ያወጣው የጊዜ ሰሌዳ፦ የሥራ ቀን፣ የቅዳሜና የእሑድ።
- ወረቀትና እርሳስ።
- ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ።
- የለመዱት ጫማና 6 ወይም 7 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የተሞላ ቦርሳ። ቦርሳው ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ያዩታል።
- በቤተሰቡ ውስጥ የሕፃን ጋሪ፣ ምርኩዝ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ካለ እሱንም ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ የሳምንት ጉዳይዎን ይጻፉ

ያለፈውን ሳምንት ያስታውሱና ከቤት የወጡበትን ምክንያት ሁሉ በዝርዝር ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሄዱ ያስቀምጡ። ሥራ 5፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስና ማምጣት 10፣ ለቤት አስቤዛ 3፣ መድኃኒት ቤት 1 እያሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሆኑትን ያስምሩባቸው።

ይህን ሳያደርጉ ቤት ማየት ከጀመሩ ሰፈሩን የሚመርጥልዎት ዝርዝሩ መሆኑ ይቀርና አንድ ያማረ ካፌ ይሆናል። ሁሉም ነገር ቅርብ የሆነበት ቦታ ደግሞ የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሄዱበት ሆስፒታል 40 ደቂቃ ቢርቅ አይጎዳዎትም፤ በሳምንት አሥር ጊዜ የሚመላለሱበት ትምህርት ቤት ግን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ በሳምንት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያስከፍልዎታል።

ለመለኪያ ያህል፣ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይራመዳል። ስለዚህ 400 ሜትር 5 ደቂቃ፣ 800 ሜትር 10 ደቂቃ ነው። ያሰመሩባቸው ጉዳዮች በ800 ሜትር ውስጥ፣ ከእነሱም በጣም የሚደጋገሙት በ400 ሜትር ውስጥ እንዲሆኑ ይፈልጉ። አረጋዊ ወይም በእግሩ የሚሄድ ትንሽ ልጅ አብሮ ካለ በደቂቃ 60 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ አድርገው ያስሉ።

ደረጃ 2፦ ፍለጋውን ከሥራ ቦታዎ ይጀምሩ

ከቤት ማስታወቂያ አይጀምሩ። ካርታው ላይ ሥራ ቦታዎን ያግኙ፤ ከዚያ በ10 ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ የትኞቹ ጣቢያዎችና ፌርማታዎች እንዳሉ ይዩ፤ በእነሱ የሚያልፉትን መስመሮች ተከትለው ወደ ዳር ይውጡ። መስመር ሳይቀይሩ የሚደርሱባቸውን ጣቢያዎች በሙሉ ወረቀትዎ ላይ ይዘርዝሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለሥራ ቦታዎ በካርታ ቅርብ የሚመስል ሰፈር መስመሩ ወደ መሀል ከተማ አስገብቶ መልሶ የሚያስወጣዎት ከሆነ፣ በእጥፍ ከሚርቀው ነገር ግን ቀጥታ መስመር ካለው ሰፈር ይብሳል።

አሁን ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩና በየጣቢያው ላይ ይቁሙ። ጣቢያው ዙሪያውን በምን ተከቧል? ጥቅጥቅ ያሉ ትናንሽ ጣሪያዎችና በየአቅጣጫው የሚወጡ ጠባብ መንገዶች ካዩ ስሙን ዝርዝርዎ ላይ ያቆዩት። ነጭ መስመር የተሰመረበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ካዩ ግን ጣቢያው የተሠራው መኪናውን አቁሞ ባቡር ለሚሳፈር ሰው ነው፤ በእግር መውጫው ላይ ሱቅ የለም፣ ቤትም የለም። በዚህ ብቻ ከዝርዝርዎ ብዙ ስሞች ይሰረዛሉ።

አንድ ጠቃሚ ፍንጭ፦ መኪና ሳይበዛ በፊት በባቡር ጣቢያ ወይም በትራም መስመር ዙሪያ የተቆረቆሩ የዳርቻ ሰፈሮች አብዛኛውን ጊዜ ለእግረኛ ይመቻሉ፤ ሱቁም ቤቱም የተሠራው ከጣቢያው በእግሩ ለሚወጣ ሰው ነውና።

ደረጃ 3፦ ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን ጊዜ ይደምሩ

ማስታወቂያው «ከመሀል ከተማ 27 ደቂቃ» ይላል። ባቡሩ ለራሱ 27 ደቂቃ ነው፤ እርስዎ ግን ባቡር ላይ አይኖሩም። ከቤት እስከ ጣቢያ 9 ደቂቃ፣ ጥበቃ 5፣ ባቡር 27፣ ከባቡር ወርዶ ደረጃውን ወጥቶ ሥራ ቦታ እስኪደርሱ 8፤ ድምሩ 49 ይሆናል። በመሀል መስመር መቀየር ካለ የሁለተኛውን ጥበቃ ይጨምሩ፤ አንዱ ለጥቂት ካመለጠዎትም የሚጠብቁት እስከሚቀጥለው ያለውን ሙሉ ጊዜ ነው።

የሚችሉትን ከፍተኛ ጊዜ አንድም ቤት ከማየትዎ በፊት ወስነው ይጻፉ። ቤቱን ከወደዱት በኋላ ከወሰኑ ቁጥሩ በራሱ እያደገ ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ የጊዜ ሰሌዳውን እስከ ጫፍ ያንብቡ

ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ በቀትር በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ፣ ከከተማው የሚነሳው የመጨረሻው ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ እሑድ ምን እንደሚመስል።

በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ሰሌዳ ሳያዩ መውጣት ይችላሉ፤ በአማካይ የሚጠብቁት 5 ደቂቃ ነው። በየ30 ደቂቃው ከሆነ ግን ቀንዎን የሚያዘው ሰሌዳው ይሆናል። በተለይ የሚጠነቀቁት ጠዋት ሠራተኛ አስገብቶ ማታ የሚያስወጣና በመሀል የሚጠፋውን መስመር ነው። ልጅዎ ቀትር ላይ ታመመ ተብሎ ቢደወልልዎት የሚመለሱበት አይኖርዎትም።

ደረጃ 5፦ የእግሩን ርቀት ይለኩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን።

እኔ ራሴ የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው። ከተከራየሁት ቤት መስኮት የጣቢያው ትልቅ ሰዓት ይታየኝ ነበር፤ ቀጥታ ቢለካ 350 ሜትር ቢሆን ነው። በመሀል ያለው ሀዲድ ግን ሁለቱም ወገኑ በአጥር የታጠረ ነው፤ መሻገሪያው ድልድይ 500 ሜትር ወደ ጎን ይርቃል። ወደ ድልድዩ ሄጄ፣ ተሻግሬ፣ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ስመለስ 1,350 ሜትር፣ ማለትም 17 ደቂቃ ሆነ። ባቡሩ ሲገባ በመስኮት ያየ ሰው ሮጦ የሚደርስበት ይመስለዋል፤ እኔ ግን የማየው ባቡር ሁልጊዜ ያመለጠኝ ባቡር ነበር።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። በካርታው መለኪያ ከቤቱ እስከ ጣቢያው ያለውን ቀጥታ ርቀት ይለኩ። ከዚያ የእግር ጉዞ አቅጣጫ አስወጥተው የሚሰጥዎትን ርቀት ለቀጥታው ያካፍሉ። ውጤቱ ከ1.2 እስከ 1.4 ከሆነ መንገዱ ጥሩ ነው። ከ1.6 ካለፈ በመሀል የሚያስዞርዎት ነገር አለ ማለት ነው፦ ሀዲድ፣ ወንዝ፣ ፈጣን አውራ ጎዳና፣ የፋብሪካ ወይም የመኖሪያ ግቢ ረጅም አጥር። የእኔ 3.9 ገደማ ነበር።

ይህ ቁጥር ተራ የሒሳብ ጨዋታ እንዳይመስልዎት። በ10 ደቂቃ 800 ሜትር የሚሄድ ሰው በየአቅጣጫው መንገዱ በ1.4 ከዞረበት ከቤቱ ቀጥታ የሚርቀው 570 ሜትር ብቻ ነው። በእግሩ የሚያዳርሰው የአካባቢ ስፋት ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ የሚያገኘው ሱቅና ክሊኒክም እንዲሁ።

ለእያንዳንዱ ያሰመሩበት ጉዳይ ይህንኑ ይድገሙ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ በቀይ ነጠብጣብ የተሰመሩ የእግር መንገዶችን ይፈልጉ፤ መኪና የማያሳልፍ አቋራጭ ብዙ ጊዜ ሰፈሩን የሚያድነው እሱ ነው። መንገዶቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥተው ጫፋቸው ላይ የሚዘጉበት፣ ሁሉም ወደ አንድ አውራ መንገድ ብቻ የሚያወጡበት ሰፈር ግን ቤቶቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ለእግረኛ አይሆንም። ጀርባ ለጀርባ ያለ ጎረቤት ዘንድ ለመድረስ ሰፈሩን መዞር ይጠይቃል።

ደረጃ 6፦ መንገዱን በፎቶ ይቃኙ

ጉግል ማፕስ ላይ የመንገድ ፎቶውን ይክፈቱና ከቤቱ እስከ ጣቢያው በምስል ይራመዱ። መጀመሪያ ፎቶው የተነሳበትን ወርና ዓመት ያንብቡ፤ ያረጀ ፎቶ የፈረሰ ሱቅ ያሳይዎታል።

የሚያዩት ይህን ነው፦ የእግረኛ መንገዱ በሁለቱም ወገን አለ ወይስ መሀል ላይ ይቋረጣል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል? 1.5 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ምሰሶና የቆመ መኪና ከያዘው ግን ስፋቱ በወረቀት ብቻ ነው። የሱቁ በር በእግረኛው መንገድ ላይ ነው ወይስ ከሰፊ የመኪና ማቆሚያ ጀርባ? ማቋረጫዎቹስ ምን ያህል ተራርቀዋል? በየ100 ወይም 150 ሜትሩ ካሉ መልካም፤ ከ300 ሜትር በላይ ከተራራቁ ሰው ባገኘው ቦታ መሻገር ይጀምራል።

የፍጥነት ምልክቱንም አይለፉት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሹፌሩ እግረኛውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ኪሎ ሜትር ግን 8 ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስቶክሆልም የመንገድ ደኅንነት መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ አዘውትረው በሚገናኙበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት 30 እንዲሆን የጠየቀው ለዚህ ነው። ልጅዎ ብቻውን የሚያልፍባቸው መንገዶች ከዚህ በላይ እንዳይሆኑ ይሞክሩ።

ደረጃ 7፦ ቦርሳዎን ይዘው ይሂዱ

እስካሁን ከተረፉት ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአካል ያያሉ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ፦ አንዱን በሥራ ቀን ጠዋት፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፤ ሁለተኛውን ከመሸ በኋላ። ዝናብ ጥሎ ያባራበት ቀን ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ ውኃ የሚተኛበትን ማቋረጫና መኪና የሚረጭበትን ጠባብ መንገድ ያን ቀን ያዩታል። እሑድ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ የታየ ሰፈር ግን የመኪናውን ብዛትም የመንገዱን ጨለማም ይደብቃል።

ከቤቱ ደጅ ይነሱ። ሰዓት መቁጠሪያውን ከፍተው እስከ ጣቢያው፣ ከጣቢያው እስከ ሱቁ፣ ከሱቁ ቦርሳውን ተሸክመው እስከ ቤቱ ይሂዱ። ባዶ እጅ ቀላል የነበረ ዳገት በ7 ኪሎ ሌላ ነገር ነው። በ100 ሜትር ውስጥ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ የሚል መንገድ ካለ ጋሪ የሚገፋ ሰው በየቀኑ ያማርረዋል፤ ካርታ ላይ ግን ዳገትና ሜዳ አንድ ዓይነት ናቸው።

መብራት ያለበት ማቋረጫ ላይ ቆመው ሁለት ነገሮችን ይቁጠሩ። አንደኛ፣ ለእግረኛ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ስንት ሰከንድ ነው? የመኪና መስመሮቹን ብዛት በ3.5 ያባዙ፤ የመንገዱ ስፋት በሜትር ይወጣልዎታል። አረጋዊ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ስለሚራመድ አራት መስመር ያለው መንገድ 14 ሰከንድ ይጠይቃል። ከዚያ ካነሰ እናትዎ መሀል ላይ ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ እስኪከፈት ስንት ይጠብቃሉ? አንድ ደቂቃ የሚያስቆም ማቋረጫ በመንገድዎ ላይ ሦስት ካለ፣ ደርሶ መልስ በቀን እስከ 6 ደቂቃ ይወስድብዎታል።

ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ሩብ ሰዓት ይቁሙና የሚያልፈውን ሰው ይመልከቱ። ብቻቸውን የሚሄዱ ተማሪዎች፣ ዘንቢል ወይም ፌስታል የያዙ አረጋውያን፣ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ካሉ ሰፈሩ በእግር ይኖርበታል። የሚያልፈው ሁሉ የስፖርት ልብስ የለበሰ ወይም ውሻ የሚያናፍስ ከሆነ ሰዎቹ የሚራመዱት ለጤና ነው፤ ለጉዳያቸው መኪና አላቸው። ሣር ላይ ተረግጦ የወጣ ቀጭን መንገድ ካዩም ቆም ይበሉ፤ እግረኛ እንዳለ፣ መንገድ ግን እንዳልተሠራለት ይነግርዎታል።

ደረጃ 8፦ ነዋሪውን ይጠይቁ

«ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። ይልቅስ «ትናንት ዕቃ የገዙት የት ነው? በምን ሄዱ?» ይበሉ። ማከራየት የሚፈልገው ሰው ወይም ደላላው ሳይሆን ፌርማታ ላይ የሚጠብቀው ሰው እውነቱን ይነግርዎታል። የአካባቢው አስተዳደር ቢሮም ይሂዱና በመንገዱ ላይ የሚሰፋ፣ የሚዘጋ ወይም የሚፈርስ ነገር ታቅዶ እንደሆነ ያጣሩ።

ደረጃ 9፦ ወጪውን ከመኪናው ጋር ያወዳድሩ

በእግር የሚኖርበት ሰፈር ኪራዩ ከጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ኪራዩን ብቻ ካወዳደሩ ርካሹ ያሸንፋል። በርካሹ ቤት ሂሳብ ላይ የመኪናውን ነዳጅ፣ መድን፣ ጥገናና ማቆሚያ፣ በውዱ ቤት ሂሳብ ላይ ደግሞ የወር የትራንስፖርት ትኬቱን ይደምሩና እንደገና ያወዳድሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

ነጥብ ማመን። ዎክ ስኮርን የመሰሉ አገልግሎቶች ለአድራሻ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ በዋናነት የሚለካው ሱቅና አገልግሎት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ነው፤ የእግረኛው መንገድ መሰባበሩን፣ የምሽቱን ጨለማ ወይም የሹፌሮቹን ፍጥነት አይነግርዎትም። ከብዙ ሰፈር ጥቂቱን ለመለየት ይጠቀሙበት እንጂ ለመወሰን አይሁን።

የሰፈሩን ስም መከራየት። አንድ ሰፈር ውስጥ ከጣቢያው 300 ሜትር ያለ ቤትና 2 ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት በአንድ ስም ይጠራሉ። የሚለካው አድራሻው ነው።

አንድ ሱቅ ላይ መተማመን። ያሰቡት ሁሉ በአንድ ሱፐርማርኬት ላይ ከቆመ፣ እሱ የተዘጋ ዕለት ሰፈሩ ይለወጥብዎታል። ለዋናው ጉዳይ ሁለት አማራጭ ይኑርዎት።

ለራስ ብቻ መለካት። ፈጣን ተራማጅ ሆነው በ9 ደቂቃ የደረሱበትን አብሮዎት የሚኖረው ሰው በ15 ይደርስበታል።

ማስጠንቀቂያ

- ካርታ ስላሳየዎት ብቻ ሀዲድ፣ የግል ግቢ ወይም የፈጣን መንገድ ዳር አያቋርጡ። አቋራጩ በር ካለው ማታ መዘጋት አለመዘጋቱን ይጠይቁ።
- በምሽቱ ጉብኝት ብቻዎን ከሆኑ የሚሄዱበትን ቦታ ለሚያምኑት ሰው አስቀድመው ይንገሩ፤ የመልሱን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት በወረቀት ይያዙ። ስልክ ባትሪው የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው።
- «በቅርቡ ጣቢያ ይከፈታል» ለሚል ቃል አንድም ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። የሚከራዩት ዛሬ ባለው መስመር ነው።
- መንገዱን ፎቶ ሲያነሱ የሰው መስኮትና ልጆችን አያካትቱ።
- ከተቻለ የመጀመሪያውን ውል በሚያገኙት አጭሩ ጊዜ ይፈርሙ፤ መኪና ካለዎት ደግሞ እስከዚያ ድረስ አይሽጡት። የደረጃ 1ን ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉና ለአንድ ወር በመኪና የሄዱበትን ጉዳይ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት። በወሩ መጨረሻ ምልክቱ የበዛው ያሰመሩባቸው ጉዳዮች ላይ ከሆነ ውሉን አያድሱ።